ጀጎል ውስጥ በድሮ የሐረሪ ቤት ሦስት ሌሊት

ሰላም ናችሁ። ሐረር ሄጄ መመለሴን ያያችሁ በየኢንቦክሱ "የት አረፍሽ፣ እንዴት ነበር፣ ቤተሰብ ይዞ ይሄዳል ወይ" ስትሉኝ ስለሰነበታችሁ አንዴ ልጻፈውና ሁላችሁም አንብቡት ብዬ ነው። ረዘም ይላል፣ ቻሉኝ።

ያረፍኩት ሆቴል አይደለም። ጀጎል ግንብ ውስጥ ቤተሰብ የሚኖርበት የድሮ የሐረሪ ቤት ነው፣ እነሱ ጌይ ጋር ይሉታል፣ የከተማ ቤት እንደማለት ነው። ከግቢያቸው ጥቂት ክፍል ለእንግዳ ለቀው፣ ራሳቸው እዛው እየኖሩ፣ እዛው እያበሰሉ ነው የሚያስተናግዱት። የቤቱን ስም አልጽፍም፣ ምክንያቱም ባለቤቷን እማማን ስጠይቃቸው "ልጄ ስም ምን ያደርጋል፣ ጀጎል ገብቶ የጠየቀ ሰው ያገኘናል" አሉኝ፣ ቃላቸውን አከብራለሁ። እንደነሱ እንግዳ የሚቀበል ቤተሰብ ደግሞ ሌላም ስላለ የምጽፈው ብዙው ነገር ለዛም ይሆናችኋል።

ለምን ሆቴል ትቼ ይሄን እንደመረጥኩ ልናገር። እኔ የፒያሳ ልጅ ነኝ። ያደግኩት የእንጨት ሰገነት ያለው፣ ደረጃው ሲረገጥ ሲጢጥ የሚል የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው፣ በ1967ቱ የትርፍ ቤት አዋጅ ከተወረሱት አንዱ። ሰፈራችን ውስጥ አርመን የሠራው ቤት አለ፣ ግሪክ የኖረበት አለ፣ የህንድ ነጋዴ ሱቅ የነበረ አለ፣ የመኖቹ ጋ ሄደን ስኳር በወረቀት ተጠቅልሎ የገዛንበት ሱቅ ነበር፣ እኛ ልጆች ደግሞ ይሄን ሁሉ እንደ ተራ ነገር ነበር የምናየው፣ ሁሉም ሰፈር እንደዛ የሆነ ነበር የሚመስለን። በ2016 ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ ቆሜ አይቻለሁ። የኛ ቤት በአንድ ከሰዓት ነው ያለቀው። ከዛ በኋላ ድሮ ቤት ባየሁ ቁጥር ግድግዳውን መንካት ያምረኛል፣ እና አሁንም ቆሞ፣ አሁንም የገዛ ሰዎቹ እየኖሩበት ያለ ከተማ ውስጥ ጥቂት ቀን ልኑር ብዬ ነው የተነሳሁት። ስለዚህ ይሄ ግምገማ ገለልተኛ አይደለም፣ ቀድሜ እወቁት ብዬ ነው።

አመጣጡ ቀላል ነው። እስከ ድሬዳዋ በአውሮፕላን፣ ከዛ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ገደማ ዳገቱን መውጣት ነው፣ ድሬ ላይ ላብ ያጠመቀው ሰው ሐረር ሲደርስ ሹራብ ይፈልጋል። ፈረስ መጋላ፣ ጀጎል መሃል ያለው አደባባይ ላይ፣ ከወረዳችሁ በኋላ ግን መኪና እርሱት። መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ በር ላይ ሲንጀራቸውን ዘርግተው የሚሰፉበት (ስሙም ከዛ የልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ነው የመጣው)፣ እሱን ወርዳችሁ ወደ ውስጥ ስትታጠፉ መንገዱ ለሁለት ሰው እንኳን የሚጠብበት ቦታ አለ። ጎማ ያለው ትልቅ ሻንጣ ይዤ ነበር፣ ድንጋዩ ላይ መጎተት አይቻልም፣ አንድ ልጅ ነው ተሸክሞ ያደረሰልኝ። በጀርባ የሚታዘል ቦርሳ ያዙ።

ከውጪ ቤቱን ብታዩት ምንም አይነግራችሁም። ረጅም የድንጋይ አጥር፣ አንድ የእንጨት በር፣ በቃ። ጀጎል ሁሉም እንደዛ ነው፣ ውበቱን ወደ ውስጥ ነው ያዞረው። በሩን አልፋችሁ ግቢው ውስጥ ስትገቡ ጸጥ ይላል፣ የመንገዱ ጩኸት ወዲያው ይቀራል፣ ከዛ ጫማ አውልቃችሁ ዋናው ክፍል ስትገቡ ነው ልብ ቀጥ የሚለው።

ዋናው ክፍል ወንበር የለውም፣ ወለሉ ራሱ ነው እንደ ደረጃ ከፍና ዝቅ እያለ መቀመጫ የሆነው። ነደባ ይሉታል። አምስት ነው፣ እያንዳንዱ ስምና ባለቤት አለው፦ አሚር ነደባ ከፍ ብሎ ለቤቱ አባወራና ለትልቅ ሰው፣ ግድር ነደባ ማለት ትልቁ፣ ብዙ ሰው የሚቀመጥበት፣ ከዛ ትንሹ አለ፣ ከበሩ ኋላ ያለው አለ፣ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የተደበቀው አለ። አምስት የሆነው በእስልምና አምስቱ መሠረቶች ልክ ነው ብለውኛል። እኔ ገብቼ ዘው ብዬ ያገኘሁበት ልቀመጥ ስል የልጅ ልጃቸው፣ አስር ዓመት የማይሞላት ልጅ፣ እጄን ይዛ "እዛ አይደለም፣ እዚህ" ብላ ቦታዬን አሳየችኝ። የቤቱን ህግ ያቺ ልጅ ታውቀዋለች። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም፣ እዛ ስለተወለደች ብቻ ነው የምታውቀው፣ እና ሦስቱንም ቀን ከአእምሮዬ ያልወጣው ነገር እሱ ነው።

ግድግዳው ነጭ ኖራ ነው፣ ከላይ እስከ ታች በስፌት፣ በሰፋፊ የሸክላና የብረት ሳህን፣ በእንጨት ጎድጓዳ እቃ ተሞልቷል። ስፌቱ ለጌጥ ብቻ የተሰቀለ እንዳይመስላችሁ፣ ይሄ የእማማ እናት የሰፉት፣ ይሄ ሲዳሩ የመጣላቸው፣ ይሄ የልጃቸው እያሉ አንድ በአንድ ነገሩኝ፣ የቤተሰቡ ታሪክ እንዳለ ግድግዳው ላይ ነው ያለው። ግድግዳው ውስጥ የተቆፈሩት መደርደሪያዎች ታቄት ይባላሉ፣ ቆጠርኳቸው፣ 11 ናቸው፣ ቁርዓኑ የራሱ ቦታ አለው። ከበሩ በላይ ያለው እንጨት ላይ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ ስጋጃ ደግሞ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ያላገባች ልጅ ቤት ውስጥ መኖሯን ለመጪው ሰው ይነግር ነበር። ከዋናው ክፍል ጎን ያለችው ትንሽዬ ክፍል ኪርታት ትባላለች፣ ድሮ ሙሽሮች የመጀመሪያ ሳምንታቸውን ከሷ ሳይወጡ ያሳልፉ ነበር፣ ምግባቸውም በመስኮቷ ነበር የሚገባላቸው። እማማ እሳቸውም እዛው እንደገቡ ሲነግሩኝ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈን አደረጉ።

ነደባውና ወለሉ ግን ቀይ ነው። ድፍን ቀይ፣ በቀይ አፈር የተቀባ። ለምን ቀይ ሆነ ብዬ ጠየቅኩ፣ ሳላውቅ ነው የጠየቅኩት። እማማ ትንሽ ዝም አሉና በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው እንደሚባል ነገሩኝ። ጨለንቆ፣ 1879፣ የአሚር አብዱላሂ ጦር በምኒልክ ጦር የተሸነፈበትና ሐረር ነጻነቷን ያጣችበት ቀን። እኔ ትምህርት ቤት ይሄን በአንድ አረፍተ ነገር ነው ያለፍኩት፣ ከአዲስ አበባ መጥቼ እዛ ቀይ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ስሰማው ግን ምን እንደምል ጠፋኝ። እሳቸው አስተያየቴን አይተው "ደማችን ነው ልጄ፣ ቤታችንም ነው፣ ብይ ብዪ" ብለው ሳህኑን ወደኔ ገፉት። በየትኛውም ሙዚየም ውስጥ እንደዛ አይነት የታሪክ ትምህርት አግኝቼ አላውቅም።

እንቅልፉ። መኝታዬ ፎቅ ላይ ነበር፣ ደረጃው ቀጥ ያለና ጠባብ ነው፣ ጉልበት ለሚያመው ሰው አይሆንም። ፍራሹ ስስ ነው፣ የመጀመሪያው ሌሊት ወገቤን አሞኛል፣ ነግሬያቸው ሁለተኛ ፍራሽ ተደረበልኝ። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ስለሆነ ቀን ውጪው ሲያቃጥል ውስጡ ቀዝቀዝ ይላል፣ ሌሊት ደግሞ የቀኑን ሙቀት ይዞ ይቆያል፣ ብርድ ልብስ አንድ ብቻ በቃኝ። ንጋት ላይ አዛኑ ከየአቅጣጫው ነው የሚመጣው፣ ጀጎል ውስጥ 82 መስጊድ ነው ያለው፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ከፈረስ መጋላ በኩል የመድኃኔዓለም ቅዳሴ ይሰማል። እንቅልፍ የሚቀልለው ሰው ይሄን አውቆ ይምጣ። እኔ ነቅቼ ማዳመጡን ነው የወደድኩት።

ሻወርና ሽንት ቤት የጋራ ነው፣ ግቢው ውስጥ ነው፣ ሌሊት ደረጃውን ወርዶ መሄድ ያስፈልጋል። ውሃ በሁለተኛው ቀን ጠፋ፣ በበርሜል ያጠራቀሙት ስለነበር በጆግ ታጠብኩ፣ ሙቅ ውሃ አፍልተው ሰጡኝ። ዋይፋይ የለም። ይሄን ለሚጠላ ሰው ከግንቡ ውጪ አዲሱ ከተማ ላይ ሆቴል ሞልቷል፣ እዛ ይደር፣ ቀን ይምጣ። ዋጋው ከመካከለኛ ሆቴል ብዙም አይለይም፣ ልዩነቱ ብሩ ለቤቱ ሰዎች በእጃቸው መግባቱ ነው፣ እሱ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ቁርስ ፈጢራ ነው፣ እንቁላል ገብቶበት፣ ማር ከላይ፣ ከሱ ጋር ሆጃ፣ ከቡናው ገለባና ከወተት የሚፈላ ትኩስ መጠጥ። የሐረር ቡና አገር ሄጄ ገለባው እንዲህ ይጣፍጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ማታ ማታ ምግብ አስቀድሞ መንገር ነው። ሁሉም ጣፋጭ ነበር፣ በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

በሦስተኛው ቀን የእማማ የወንድማቸው ልጅ መጣ፣ ግንበኛ ነው፣ የጓሮውን አጥር ለመጠገን። ሥራውን ቁጭ ብዬ ሳይ ዋልኩ ማለት ይቻላል። ድንጋይና ጭቃ፣ ከላይ ኖራ፣ ሲሚንቶ የለም። ለምን በሲሚንቶ አትጨርሰውም፣ አይጠነክርም ወይ ስለው ይዞኝ ወጥቶ ትንሽ ራቅ ያለ አንድ ቤት አሳየኝ፣ ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኖ እዚህም እዚያም አብጦ፣ ሲነኩት እንደ ቅርፊት የሚላጥ። የድሮ ግድግዳ ይተነፍሳል አለኝ፣ እርጥበት ይገባል ይወጣል፣ ሲሚንቶ ስትደፍንበት ግን ውሃው ውስጥ ይታሰርና ጭቃውን ከውስጥ ይበላዋል፣ ከውጪ ያማረ መስሎ ከልቡ ይበሰብሳል። ሰዎቹ ሲሚንቶ የለጠፉት ቤታቸውን ስለጠሉ አይደለም፣ ሲሚንቶ ሱቅ ሄደህ ትገዛዋለህ፣ በአንድ ቀን ያልቃል፣ ኖራና ቀይ አፈሩ ግን በየጊዜው መቀባት ይፈልጋል፣ የሚያውቅ እጅ ይፈልጋል፣ ጊዜ ይፈልጋል፣ ብር ይፈልጋል። እማማ በየዓመቱ ከረመዳን በፊት እሱን ለማስቀባት ከእንግዳ የሚያገኙትን ነው የሚያስቀምጡት። አሁን ገባችሁ አይደል? ለአልጋው የከፈልኩት ብር ኖራ ሆኖ ግድግዳው ላይ ነው የሚለጠፈው።

ሌላው ነገር ውርስ ነው። አባት ሲያልፍ ቤቱ ለልጆች ይከፋፈላል፣ አንዱ ግቢ ለሦስት ለአራት ይሆናል፣ ነደባው መሃል ላይ ግድግዳ ይቆማል፣ አንዱ ይሸጣል፣ አንዱ ቆርቆሮ ይደርባል። ማንንም መውቀስ አይቻልም፣ ሰው መኖር አለበት። እዚህ ቤት ልጆቹ ተስማምተው ዋናውን ክፍል ሳይነኩ የጋራ አድርገውታል፣ እንግዳ የማስተናገዱ ገቢ ባይኖር ይስማሙ ነበር ወይ ብዬ ስጠይቅ ግንበኛው አይመስለኝም በሚል ራሱን ነቀነቀ።

ጀጎል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብሎ የተመዘገበው በ1998 ነው፣ እና መዝገቡ ላይ የሰፈረው ዋናው ነገር ግንቡና በሮቹ ብቻ አይደሉም፣ እነዚህ ቤቶች የውስጥ አሠራራቸው ነው። ቤቶቹ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደሉም። ከኖርኩበት ዓይነት ሌላ የህንድ ቤት የሚሉት አለ፣ ሐረር በ1879 ከተያዘች በኋላ የመጡት የህንድ ነጋዴዎች የሠሩት፣ ቀጥ ያለ ፎቅ ሆኖ ወደ መንገድ ወይ ወደ ግቢ የሚያይ የእንጨት ሰገነት ያለው። ሦስተኛው ሁለቱን የቀላቀለ ነው፣ ከታች ነደባ ከላይ ሰገነት። የህንድ ቤቱን ሰገነት ሳይ ቀጥ ብዬ ቆምኩ፣ የፒያሳው ቤታችን ነው። ያው እንጨት፣ ያው አጣጣል፣ ያው ቀለሙ የተላጠ መደገፊያ። ያደግኩበትን ቤት አናጢ ማን እንዳሠለጠነው አላውቅም ግን እጁን አወቅኩት።

ሁለቱን ሙዚየሞች ሳታዩ እንዳትመለሱ። የራምቦ ቤት የሚባለው የህንድ ነጋዴ የሠራው ነው፣ ጣሪያው በሥዕል ያጌጠ፣ መስኮቶቹ ባለቀለም መስታወት፣ ከላይ ሆናችሁ የከተማውን ጣሪያ ሁሉ ታያላችሁ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሐረር ውስጥ ነጋዴ ሆኖ መኖሩ እውነት ነው፣ እዚህ ቤት ውስጥ ግን አልኖረም ነው የሚባለው፣ ለኔ ቤቱ ያለ ገጣሚውም ይበቃዋል፣ የድሮ ሐረር ፎቶዎቹ ብቻቸውን ሰዓት ያስፈጃሉ። ሁለተኛው የራስ ተፈሪ ቤት ነው፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ የጫጉላ ጊዜያቸውን ያሳለፉበት ይባላል፣ እሱም ህንዳዊ ያሠራው ነው፣ በሩ ላይ የተቀረጸውን ጋኔሽን፣ የህንዶቹን የዝሆን ራስ ያለውን አምላክ፣ ቀና ብላችሁ እዩት። በሙስሊም ከተማ፣ በክርስቲያን ንጉሥ ስም የሚጠራ ቤት፣ በሩ ላይ የሂንዱ አምላክ። አሁን ውስጡ የአቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም ነው፣ ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ ከየቤቱ የሰበሰቡት የእጅ ጽሑፍ መጻሕፍት፣ ሳንቲም፣ ልብስ፣ ጌጥ፣ የድሮ ዘፈን ቅጂ። አንድ ሰው ይሄን ሁሉ አደረገ ብሎ ማመን ያስቸግራል። እዛ ቢያንስ ግማሽ ቀን ስጡት፣ እኔ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ።

ማታ ማታ ሰው በእጁ ስለሚመግበው የሐረር ጅብ ብዙ ሰው ጽፎታል፣ አልደግመውም።

ቅር ያለኝን ልናገር። በሁለተኛው ቀን ቀጥሬው የነበረ አንድ አስጎብኚ፣ ሳያስፈቅድ የሰው ግቢ በር እየከፈተ "ግቢ ግቢ ፎቶ አንሺ" ሲለኝ ነበር፣ አንዲት እናት ምጣድ ላይ ነበሩ፣ ደንግጠው ሻሻቸውን ሲያስተካክሉ አየሁ፣ በጣም አፈርኩ፣ ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ። ይሄ ኤግዚቢሽን አይደለም፣ የሰው ቤት ነው። የሚቀጥለው ሰው እንዲህ ሲያደርግ በሩ ይዘጋል፣ በሩ ከተዘጋ ደግሞ ለሁላችንም ነው የሚዘጋው። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፣ አይሆንም ካሉ አመስግናችሁ እለፉ። የት ነደባ ላይ ልቀመጥ ብላችሁ ጠይቁ፣ እሱ ጥያቄ ብቻውን ደስ ያሰኛቸዋል። አርብ እኩለ ቀን ላይ ሰላት ስለሆነ እንግዳ ሆናችሁ አትድረሱባቸው።

ኮከብ ስጪ ካላችሁኝ፣ ለክፍሉና ለሻወሩ ሦስት፣ ለምግቡ አምስት፣ ለሰዎቹ ቁጥር የለኝም።

በመጨረሻው ጠዋት የፒያሳ ቤታችንን ፎቶ ስልኬ ላይ ለእማማ አሳየኋቸው፣ እናቴ ሰገነቱ ላይ ቆማ ልብስ የምታሰጣበት ነው። ረጅም ጊዜ አዩት፣ በጣታቸው ትልቅ አደረጉት፣ መደገፊያውን አዩ፣ "ይሄማ የኛ ሰፈር ነው" አሉ። ከዛ እናትሽ አለች ወይ አሉኝ። አለች አልኳቸው። ለሸዋል ኢድ ይዤያት እንድመጣ አስምለውኛል፣ ከረመዳን በኋላ ያለው የሐረሪዎች በዓል ነው፣ እሱም በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው፣ ያኔ ከተማው ሁሉ ሌሊቱን በዚክር፣ በመንፈሳዊ ዜማ፣ ያድራል ይላሉ። ክፍል አሁኑኑ ይዣለሁ። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ፎቁን ትተን ከታች ያለውን ነው የጠየቅኩት፣ ሁለት ፍራሽ ተደራርቦ።